ከሶፋው ያልለቀቀው ቅቤ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽን ትንሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ከቅዳሴ ስትመለሺ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አረፍ እያልሽ ነው? የሰኔ ዝናብ ሲጀምር እንደሚብስብሽ ስለማውቅ ዳመናውን ባየሁ ቁጥር አንቺን አስባለሁ። ዝንጅብሉስ ዘንድሮ ከበሽታው ተረፈልሽ? ጓሮ ያለውን እንሰት የሚፍቅልሽ ሰው አገኘሽ ወይስ ብቻሽን እየታገልሽ ነው? የደህንነትሽን ወሬ እግዚአብሔር ያሰማኝ። ስለ እኔ «አለሁ፣ ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ብል እጄ እምቢ አለኝ። ቆሜ እሄዳለሁ፤ አስተምሬ እገባለሁ፤ የቀረበልኝን እበላለሁ። ደህና መሆን ይህ ከሆነ ደህና ነኝ።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። በስልክ የሚነገር ነገር ስላልሆነ ነው። ቤታችን ጠባብ ናት፤ ስልክ ሳነሣ ባለቤቴ ታዴዎስ ከተኛበት ሶፋ ላይ ዓይኑን ከፊቴ አይነቅልም። የምናገረው ባይገባውም የሚያለቅስ ድምፅና የማያለቅስ ድምፅ ይለያል። አንቺም እንደሆንሽ ገና «ሄሎ» ስልሽ እንባሽ ይቀድማል፤ ሁለታችንም አንድ ነገር ሳንነጋገር ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ የሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ሲስተሮች ባስተማሩን አማርኛ ልጻፍልሽ። ልጄ ማኅሌት ትምህርቷን ስለጨረሰች ወደ አንቺ ትመጣለች፤ ይህንንም በእጇ ይዛልሽ ትመጣለች።

ባለፈው ሆስፒታል መጥተሽ ስትጠይቂው ያልነገርኩሽ ነገር ነበር። የወደቀ ዕለት ጠዋት ጫማውን እያሰረ «ዛሬ ማታ ቁጭ ብለን የምናወራው ነገር አለ» ብሎኝ ነበር። ምንድነው ስለው «በማታ» ብቻ ብሎኝ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ሐሳቤ እዚያ ነበር። ዝውውር አግኝቶ ይሆን? ወይስ ቤቱን ሊያሳድስ አስቦ? ከሰዓት በኋላ ከመስሪያ ቤቱ ደውለው ስብሰባ ላይ እንዳለ ከወንበሩ መውደቁን ነገሩኝ። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ያ የማታው ወሬ እንዲሁ ቀረ።

አንቺ ያየሽው ቀኝ ጎኑ መያዙንና ዝም ማለቱን ነው። ከሄድሽ በኋላ አፉን ፈታ። ደስ ብሎኝ ሮጬ ስቀርበው የሚናገረው በሀዲይኛ ብቻ ሆነ። ሐኪሙ እንደነገረኝ፣ ሁለት ሦስት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት አንዳንዴ ከእናቱ ጋር የተናገረው ብቻ ይቀርለታል። በአማርኛ ስናገረው ገበያ መሃል የማያውቀው ሰው እንዳስቆመው ያየኛል።

አስቢው እስቲ። ያን ጊዜ ኮሌጅ ስንገናኝ እሱ ከምባትኛ አያውቅም፣ እኔ ሀዲይኛ አላውቅም። «እወድሻለሁ» ያለኝ በአማርኛ ነው። የተጣላነው በአማርኛ፣ የታረቅነው በአማርኛ፣ ማኅሌትንም ያሳደግናት በአማርኛ ነው። ሀዲይኛውን ይኸው ሃያ ዓመት ከቤተሰቦቹ ጋር ስኖር ጆሮዬ ለምዶታል፤ አፌ ላይ ግን ይሰባበርብኛል። ማኅሌት ደግሞ ጭራሽ አትሰማም። መጀመሪያ ሰሞን አጠገቡ ተቀምጣ «አባዬ፣ እኔ ነኝ» ትለው ነበር። እሱ ረጅም ነገር ይመልስላታል፤ እሷ ዞር ብላ «ምን አለ?» ትለኛለች። አንዳንዱን እነግራታለሁ፤ አንዳንዱን «ውሃ ጠማኝ ነው የሚለው» እያልኩ አልፋለሁ። አሁን መጠየቁንም ተወችው።

ያንን ክሬም ሶፋ ታውቂዋለሽ። የገዛነው ጊዜ «በዚህ ላይ ሰው ይቀመጥበታል ወይስ እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል?» ብለሽ አስቀሽን ነበር። ታዴዎስ መኝታ ቤቱ ጨለመብኝ ብሎ እዚያው ሶፋ ላይ ነው የሚውለው፤ በመስኮቱ ጋሪውንና ባጃጁን ያያል። ከእጄ ግን አይበላም። ገንፎ ሠርቼ፣ ሾርባ አቅጥኜ ማንኪያውን ሳቀርብለት ከንፈሩን ገጥሞ ፊቱን ያዞራል። ማኅሌት ስትሞክር ለሷ ብሎ ሁለቴ ይውጥና ያቆማል። የትከሻው አጥንት ወጣ። ሐኪሙ «እንዲህ ከቀጠለ አልጋ ይዞ ይቀራል» አለኝ። እኔም የሚበላው ካልበላ ለማን ብዬ አብስላለሁ እያልኩ አብሬው ከሳሁ።

በግንቦት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሳሎን ሳቅ ሰማሁ። የታዴዎስ ሳቅ ነው። ከወደቀ ጀምሮ ሰምቼው አላውቅም። ጃንጥላዬን በረንዳ ላይ ሳላስቀምጥ በሩ ላይ ቆምኩ። አንዲት ሴት፣ ምናልባት ከእኔ አሥር ዓመት የምታንስ፣ ሶፋው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ በእጇ ታጎርሰዋለች። አተካና ነው፣ ያ በቅቤ የሚሠራው የቡላ ምግብ፤ ቅቤው ዳር ዳሩን ቆሞ ይታያል። ከጊምቢቹ ድረስ በሸክላ አድርጋ፣ በኮባ ሸፍና ይዛው መጥታ ነው። እያጎረሰችው ቀስ ብላ በሀዲይኛ ታወራዋለች፤ ላሚቱ መውለዷን፣ የጎረቤቷ አጥር በጎርፍ መሄዱን። እሱም ይመልስላታል፤ አፉ ወደ አንድ በኩል እየተጣመመም ቢሆን ይመልስላታል። ጉርሻውንም አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

ማኅሌት ከወጥ ቤት ወጥታ «እማዬ፣ አባዬ ለመስክ የሚሄድበት አገር ሰው ናት፤ ልትጠይቀው መጥታ ነው» አለችኝ። ሴትየዋ ስታየኝ ተነሣች። ስሟ ፍሬሕይወት እንደሆነ ነገረችኝ። ያን ጊዜ ነው ሕፃኗን ያየሁት። ከሶፋው ጀርባ ነበረች፤ ቢበዛ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ከእናቷ ሳህን በልታ እጇ እስከ አንጓዋ ቅቤ ሆኗል። ሰው ስትፈራ ጊዜ ወደ ታዴዎስ ሮጠችና በሁለት እጇ የሶፋውን መደገፊያ ይዛ ተንጠለጠለች። እናቷ ደንግጣ በነጠላዋ ጫፍ ጨርቁን ስትጠርገው ቅቤው ይባስ ተለቀለቀ። «ተይው፣ ልጅ ነው፣ ተቀመጪ» አልኳት።

ሕፃኗን ከሶፋው ላላቅቃት አነሣኋት። ፀጉሯ ወደ ኋላ ተጎንጉኗል። ማኅሌት የተወለደች ጊዜ በግራ ጆሮዋ ሥር መርፌ የወጋት የምትመስል ቀዳዳ አግኝተሽ ያሳየሽኝን አስታውሺ። አማቴም «ይህቺማ የእኛ ቤት ማኅተም ናት» ብለው ነበር። ታዴዎስም ያቺው ቀዳዳ አለችው፤ ይህቺ ልጅም አላት። ልጅቱን ለእናቷ መልሼ ሰጠኋትና ሻይ ላፈላ ወጥ ቤት ገባሁ። ውሃውን ጥጄ እሳቱን ሳልለኩስ ብዙ ቆሜያለሁ።

ስትሄድ እስከ በር ሸኘኋት። ቀና ብላ ማየት አቅቷት መሬት መሬት እያየች «እትዬ፣ እንዳይቀየሙኝ። መታመሙን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። እንዳልመጣ ብዙ ታገልኩ፤ አልሆነልኝም። ከፈቀዱልኝ ተመልሼ መጥቼ ላበላው» አለችኝ። ልሰድባት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን በልቷል እኮ፤ ሳህኑ ባዶ ሆኗል። «ነይ» አልኳት።

ከሄደች በኋላ ወደ ሶፋው ዞርኩ። መደገፊያው ላይ የሕፃን እጅ ቁጭ ብሏል፤ ጣቶቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ነጠላው የለቀለቀው ደግሞ በጎኑ አለ። ኦሞ በጥብጬ በጨርቅ ይዤ ፈተግኩት። በፈተግኩት ቁጥር እየሰፋ ሄደ። እኔም እልህ ይዞኝ የበለጠ ፈተግኩት። ታዴዎስ ጠግቦ ተኝቷል፤ ሶፋው ከእጄ ጋር ሲነቃነቅ እንኳ አልነቃም።

ሃቢባ፣ ያቺ ባለሱቋ ጎረቤቴ፣ እንድታመጣልኝ የላክሁባትን ስኳር ይዛ ስትገባ በዚያ ሁኔታ አገኘችኝ። ባልዲውን ከእጄ ቀማችኝ። «ቅቤ በውሃ ሲያባርሩት ይገባል እንጂ አይወጣም» አለችኝ። ጨርቁ እስኪደርቅ አስጠበቀችኝ። ከዚያ ከሱቋ የሕፃናት ፓውደር አምጥታ ቦታውን በደንብ ሸፈነችውና እስከ ነገ እንዳትነኪው አለች። በማግስቱ ፓውደሩን በብሩሽ ጠራርገን ስናነሣው ቅባት ጠጥቶ ተጓጉሏል። ደግመን ነሰነስን። በመጨረሻ የዕቃ ሳሙና በለብ ያለ ውሃ በጥብጣ አረፋ አስነሥታ፣ መጀመሪያ ከሶፋው ጀርባ በማይታይ ቦታ ሞክራ ቀለሙ አለመልቀቁን ካየች በኋላ፣ አረፋውን ብቻ በነጭ ጨርቅ እያነሣች ከዳር ወደ መሃል ጫን ጫን አደረገችው። «አትሺው፤ ጨርቁ ራሱ ይጠጣዋል» ትለኛለች። ጨርቁ ሲቆሽሽ በንጹሕ ጎኑ ታዞረዋለች። እኔም ልክ እንደሷ አደረግሁ።

ቅባቱ ወጣ፤ እጅሽን ብታሳርፊበት የሚያሙለጨልጭ ነገር የለውም። ግን ቅቤው የተነጠረበት እርድ ብጫውን ትቶ ሄደ። የደበዘዘ ነው፤ የማያውቅ ሰው ላያየው ይችላል። ሃቢባ ብዙ ካየችው በኋላ «ሕፃን መጥቶ ነበር እንዴ?» አለችኝ። የእንግዳ ልጅ ናት አልኳት። ፊቴን አየች። ጨርቆቹን ሰብስባ ስትወጣ ትከሻዬን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ።

ያ ሁሉ ጥድፊያ ለሶፋው አዝኜ አልነበረም። የታዴዎስ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ ገብረሚካኤል፣ እሑድ ዘመዶቹንና የሰበካውን ሰዎች ይዘው ለጸሎት እንደሚመጡ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። ያንን እጅ ማንም እንዳያይብኝ ፈልጌ ነበር። ለምን እንደምሸሽግ ግን አላውቀውም። ያፈርኩት እኔ፣ የተበደልኩትም እኔ። ብጫው አልለቅ ሲለኝ መደገፊያው ላይ ዳንቴል ጣል አደረግሁበት።

እሑድ ቤቱ ሞላ። ከጸለዩ በኋላ ጋሼ ገብረሚካኤል ተነሥተው በአማርኛ፣ እንዲገባኝ ብለው፣ አመሰገኑኝ። «ሚስት ማለት ይህቺ ናት። ወንድማችን በሰው እጅ አልወደቀም። አጥንቷ እስኪቀር አስታመመችው» አሉ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። እኔ ሻይ እቀዳ ነበር። ከጊምቢቹ የመጡት አክስታቸው፣ እማማ ትርፊት፣ ከታዴዎስ አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ ክንዳቸውን ሲያሳርፉ ዳንቴሉ ተንሸራቶ ወደቀ። አጎንብሰው ጨርቁን አዩት። በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ወደ ጋሼ ገብረሚካኤል ዞር ብለው በሀዲይኛ «ትንሿም እዚህ ደርሳለች ማለት ነው?» አሏቸው።

እህቴ፣ ያን ጊዜ የሆነውን እንዴት አድርጌ ልንገርሽ። ጋሼ ገብረሚካኤል ሳሉ። ሚስታቸው ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። አንዱም «የቷ ትንሿ?» አላለም። ስለማልናገር የማልሰማ ይመስላቸዋል፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። «ትንሿ» አሉ እኮ፤ አቅፈው እንዳጫወቷት፣ ስም ሲወጣላት ተጠርተው እንደበሉላት ልጅ። እኔ ገና በግንቦት ያየኋትን እነሱ ሲያሳድጓት ኖረዋል። በየገናው ቤቴ መጥተው ሲበሉ፣ ማኅሌትን ሲመርቁ፣ ያንን በሆዳቸው ይዘው ነበር። ሻዩን ለሁሉም አዳረስኩ። ለእማማ ትርፊት ስኳሩን እንደሚወዱት አበዛሁላቸው። ሲወጡም አንድ በአንድ ሳሙኝ።

ማኅሌት እንግዶቹን ልትሸኝ ወጣች። ገና ጀንበር አልጠለቀችም። ባልዲ አመጣሁ፤ ሳሙናውን በጠበጥኩ፤ ሶፋው ሥር ተንበርክኬ ያንን ብጫ እንደ አዲስ ጀመርኩት። ጫን ጫን ማድረጉን ረስቼው እየፈተግኩ ነበር። እያለቀስኩም ነበር መሰለኝ። ታዴዎስ እያየኝ ነበር። ደህናውን እጁን ዘርግቶ ክንዴን ያዘኝ። በወደቀበት ዕለት ጠዋት ሊነግረኝ የነበረውን አሁን ሊነግረኝ ነው ብዬ መፈተጉን አቆምኩ። እውነቱን ልንገርሽ፤ የፈለገውን ቢለኝ ዝግጁ ነበርኩ። «በደልኩሽ» ቢለኝ፣ «ተዪኝ» ቢለኝ፣ ሁሉንም እችለው ነበር።

በሀዲይኛ፣ በጣም ደግ በሆነ ድምፅ፣ «አንቺ ሴት፣ ደከምሽ። እየመሸ ነው፤ ሰዎችሽ ይጠብቁሻል፤ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለኝ።

ፌዝ አልነበረበትም። ቁጣም አልነበረበትም። ሶፋ ልታጥብ የመጣች የሰው ሚስት አድርጎኝ፣ ሳይመሽብኝ ልገባ አዝኖልኝ ነው። ሰውን ማዘኑ አልጠፋበትም፤ እኔ ነኝ የጠፋሁበት። በተሰባበረ ሀዲይኛዬ «እሺ» አልኩት። ባልዲውን አንሥቼ ወጥቼ ውሃውን ደፋሁ።

በማግስቱ ትታልኝ በሄደችው ስልክ ቁጥር ለፍሬሕይወት ደወልኩ። መጥተሽ ከእሱ ጋር ሁኚ አልኳት። እያለቀሰች «ልጄንስ?» አለችኝ። ይዘሻት ነይ አልኳት። መጣች። መድኃኒቱን በጠዋትና በማታ ለይቼ አሳየኋት። ጎኑ እንዳይቆስል እንዴት እንደሚገለበጥ፣ ቀኝ እጁን ሐኪሙ ባለው መንገድ እንዴት እንደምታሸው አሳየኋት። ሕፃኗ ሶፋው ላይ ወጥታ እግሩ ሥር ተኛች። አሁን ይበላል። ትናንት ግድግዳ ይዞ ሁለት እርምጃ ሄደ። ማኅሌት ወጥ ቤት ተከትላኝ ገብታ «እማዬ፣ ይህቺ ሴት ማን ናት?» አለችኝ። «አባትሽ የሚሰማት ሰው ናት» አልኳት። አስተዋይ ልጅ ናት፤ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። አንቺንም ብትጠይቅሽ ከዚያ በላይ አትንገሪያት። ለኔ ተዪው።

ደግነት አድርገሽ እንዳትወስጂው። ሃቢባም «ምን ዓይነት ልብ ነው የሰጠሽ?» ትለኛለች። ልብ አይደለም፤ ድካም ነው። ሰው የሚጣላውም የሚታገሠውም የሚያውቀው ሰው ሲኖር ነው። እኔ ማንን ልጣላ? ማንን ይቅር ልበል? «ባሌን ቀማሽኝ» እንዳልላት፣ የእኔ ባል የነበረው ሰው እዚህ ቤት የለም። ሞቶብኝ ቢሆን ድንኳን ተክዬ፣ አንቺ መጥተሽ አብረሽኝ አልቅሰሽ፣ አንድ ቀን ይወጣልኝ ነበር። ይሄ የማይለቀስ ነገር ነው። ቅዳሴ ላይ ቆሜ የምጸልየው ጠፍቶኝ የሌሎቹን ድምፅ እሰማለሁ። እግዚአብሔርን «ለምን» ብዬ ለመጠየቅ እንኳ ጉልበት አጣሁ።

በይ እንግዲህ፣ ጋሪው ሳይመጣ ልጨርስ። የእናታችን ክፍል አሁንም ያፈሳል ወይስ ቆርቆሮው ተቀይሯል? በሩ ከውስጥ ይዘጋል? እናንተ አጠገብ አንጋጫ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ጎድሎበታል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው ካገኘሽ እውነት መሆኑን አስጠይቂልኝ። ማኅሌት ቡና አትወድም፤ ጠዋት ወተት ከተገኘ ደስ ይላታል። ሌሊት ስትባንን ስሟን ጥሪያት እንጂ መብራት አታብሪባት።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ዝናቡን ለዝንጅብሉ ልክ አድርጎ ይስጥሽ። ያሳደግሽን እጅ አያድክመው። አባትና እናታችንን በሰላም ያሳርፍልን። ፍሬሕይወትንና ልጇንም በጸሎትሽ አስቢልኝ፤ እኔ ገና አልቻልኩም።

ማኅሌት ሁለት ሻንጣ ይዛ ትወርዳለች። ቀላሉ የሷ ነው። ከባዱን እንዳትሸከመው ሰው ጥሪላትና እናታችን ክፍል አስገቢው። እስክደርስ አትክፈቺው።

አዝለሽ ያሳደግሻት፣
ታናሽ እህትሽ